ስለ ሆዴና ስለ ሰው አፍ፣ ለጌታሁን

ጌታሁኔ፣

ሁለት መስቀል ያለ አንተ አለፈ። የመጀመሪያውን ግራና ከተማ፣ አጎትህ ቤት፣ የመቃብርህ አፈር ገና ሳይደርቅ አሳለፍነው፤ ችቦ ለመለኮስ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ሁለተኛውን መርሳ ቤታችን ውስጥ፣ እኔና እናትህ ብቻችንን ነበርን። አሁን ተኩሱ ቆሟል። አውቶቡሱም ከወልድያ ሲወርድ እንደ ድሮው አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሰው ያራግፋል። እስከዛሬ በሆዴ ሳወራህ ነው የከረምኩት። ዛሬ ግን የምነግርህ ነገር ስላገኘሁ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ ልንገርህ። ስንመለስ በሩ ተገንጥሎ አገኘነው፤ ጎረቤት አግዞኝ አስገጥሜዋለሁ። የጎሚስታ ቤትህ ኮምፕሬሰር ተወስዷል። ክሪክህና የጎማ መፍቻዎችህ ግን ተርፈዋል፣ አብሮህ ይሠራ የነበረው ታደሰ አሁን በእነሱ ይሠራባቸዋል። ከስፌት መኪናዬ እግሩ ብቻ ነበር የቀረው። የመኪናውን ራስ ከሐራ ገበያ ያገለገለ አግኝቼ ገጠምኩለት፤ ድምፁ ትንሽ ይጮሃል እንጂ ይሰፋል። እናትህ ዓይናቸው ደክሟል። ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ይላሉ። ምን እንደሚጠብቁ አልጠይቃቸውም።

እኔም ደህና ነኝ። ስኳሬ ወርዷል፣ ደም ግፊቴም ረግቷል። ከቤት እስከ ወንዙ ሳላርፍ ሄጄ እመለሳለሁ። ይህ ላንተ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምን እንደነበርኩ ያየኸው አንተ ነህና። ገበያ ለመድረስ ሁለት ቦታ ድንጋይ ላይ አርፍ ነበር። ጉልበቴ አብጦ የስፌት መኪናዬን መርገጥ አቅቶኝ ነበር። ተኝቼ ትንፋሼ ሲቆራረጥ ትከሻዬን ይዘህ በጎኔ የምታዞረኝ አንተ ነበርክ፤ ጠዋት ዓይንህ ቀልቶ ትነሳና ደህና እንዳደርክ ትነግረኝ ነበር።

ሰው ግን ያየው ሌላ ነበር። በእኛ አገር የሞላች ሴት የደላት ናት። ጌታሁን ሚስቱን አሳምሮ ይዟል ይባል ነበር፤ እናትህም በዚህ ይኮሩ ነበር። ደሴ ያየኝ ሐኪም ጨጓራዬን ቆርጦ የማሳነስ ሕክምና አዲስ አበባ እንዳለ ሲነግረን እኔ ደነገጥኩ። አንተ ግን ረጋ ብለህ ልሞት እችል እንደሆነ ጠየቅከው። እሱም ማንኛውም ቀዶ ሕክምና አደጋ እንዳለው ነገረንና፣ “ለእሷ ግን ይበልጥ የሚያሰጋት እንዲሁ መቀመጡ ነው” አለ። ወደ ቤት ስንመለስ ሐይቅ ከተማን እንዳለፍን እጄን ያዝክና “እንሄዳለን” አልከኝ። በቃ፣ ሄድን።

ታክሜ ስንመለስ የጠበቀንን ታስታውሳለህ። ሰውነቴ ሲቀንስ መጀመሪያ ያ በሽታ ይዟት ነው ተባለ። ቀጥሎ ካንሰር ነው ተባለ። እኔ ዝም ማለት ፈልጌ ነበር፤ አንተ ግን የጠየቀህን ሁሉ እውነቱን ነገርክ፣ ለእውነት ሹክሹክታ አያስፈልጋትም ብለህ። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላው መጣ። ለቁንጅና ብላ ነው አሉ። ሆዳም ናት፣ ራሷን መግዛት ቢያቅታት ነው አሉ። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ሴት ሁሉ ዓይኗ ከወገቤ አይነሳም ነበር።

እትዬ አበሩን ታውቃቸዋለህ፣ የእድራችን የሴቶቹ አለቃ፣ ከእኛ ማዶ ቅመም የሚሸጡት። አንድ ቀን ደንበኞቼ ፊት፣ “ሁዳዴን በወጉ የጾመ ሰው ቢላዋ ምን ያደርግለታል? ሆድን መግዛት እንጂ ማስቆረጥ የት አገር አለ?” አሉኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቅዳሴ እስኪወጣ እጾም እንደነበር እሳቸውም ያውቁታል። አብረን ነው ከቤተ ክርስቲያን የምንመለሰው። ማታ ስነግርህ ተነሥተህ ወደ ንስሐ አባታችን ወሰድከኝ። እሳቸውም ሕክምና ኃጢአት እንዳልሆነ ነገሩኝና፣ “ሆድሽ የቻለውን ብይ፤ ስለ ጾሙ በአንደበታቸው ያልጾሙት ይጨነቁ” አሉኝ። ያን ቀን ቀለል ብሎኝ ተኛሁ።

አንተንም አልተዉህም። ጎማ ሊያስጠግኑ የቆሙ ሾፌሮች ማብላት ቢያቅትህ ነው ሆዷን ያስቀነስካት እያሉ ይስቁብህ ነበር። አንተ ከጎማው ቀና ሳትል “ሆዷን ቢያሳንሱትም እኔ ያለሁበት በኩል አልተነካም” አልካቸው። ይህን አባባልህን ወልድያ መናኸሪያ ድረስ ይዘውት ሄዱ። እኔም የሰማሁት ካንተ ሳይሆን ከአንድ የአውቶቡስ ረዳት ነው።

ቀላሉን መንገድ መረጠች የሚሉኝ ሰዎች ያላዩት ግን ብዙ ነበር። ጸጉሬ እፍኝ እፍኝ ሲነቀል፣ አንድ ማንኪያ አጥሚት በዝቶብኝ ሲያስመልሰኝ፣ ሰው ቤት በግድ ያጎረሱኝ ጉርሻ ደረቴ ላይ ቆሞ ላብ ሲያጠምቀኝ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ማዕድ ስንቀርብ የራስህን ጉርሻ አሳንሰህ፣ ቀስ ብለህ እያላመጥክ ትጠብቀኝ ነበር። ሥራ የሚያጣድፈው ሰው እንዲያ ሲበላ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መርሳን ለቀን እናትህን በጋሪ ጭነን ግራና አጎትህ ቤት ገባን። ቤቱ በተፈናቃይ ሞልቶ ነበር፤ አጎትህ ያላቸውን ማሽላ ሳይሰስቱ አካፈሉን። እኔ ሁለት ሦስት ጉርሻ በልቼ ስነሳ ያዩኝ ሴቶች “አንቺስ ታድለሻል፣ ሆድሽ አይጠይቅሽም” ይሉኝ ነበር። አንዷ ግን እየሰማሁ፣ “እኛ የምንበላው አጣን፣ እሷ እንዳትበላ ከፍላ አስቆረጠች” አለች። ልጆቿ ርቧቸው እያለቀሱ ነበርና ልፈርድባት አልቻልኩም። ለጆሮ የሚከብድ ነገር መሆኑን እኔም አውቀዋለሁ። ያላወቀችው፣ ያቺ ትንሽ ሆድ ቶሎ ቶሎ፣ ያውም እንቁላልና ወተት እንደምትፈልግ ነው። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ በየቀኑ የምወስደው የቫይታሚን እንክብል ሲያልቅ ዓይኔ ይጨልም፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

አንተ ለእኔ ሳትነግረኝ ለአጎትህ ተናግረህ በእግርህ ወደ መርሳ ተመለስክ። ፋርማሲው ዝግ ስለነበር የባለቤቱን ቤት አንኳክተህ፣ ሰውየው ከተረፈው አካፍሎህ፣ እንክብሉን በካልሲህ ሸሽገህ መጣህ። ተቆጣሁህ። አንተ እግርህን እየታጠብክ መንገዱ ሰላም እንደነበር፣ የደጃችን ብርቱካንም እንዳፈራ ነገርከኝ። ሰላም እንዳልነበረ በኋላ ከሌላ ሰው ሰማሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሆድህን አመመህ። እምብርትህ ዙሪያ ጀምሮ ወደ ቀኝ ወረደ። ብርድ ነው ብለው ዳማ ከሴ አጠጡህ፤ ትኩሳትህ ሲጨምር በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያው አወረዱህ። እዚያ የቀረው አንድ፣ ገና ልጅ የሆነ የጤና ባለሙያ ነበር። ሆድህን ነካ ነካ አደረገና እኔን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ “ትርፍ አንጀት ይመስለኛል፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ እኔ እዚህ ላደርገው አልችልም” አለኝ። ወልድያ ሐኪም የለም፣ የደሴው መንገድ ዝግ ነው። ልጁ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ማስታገሻ ወጋህና አጠገብህ ተቀመጠ።

አንተ ሁሉንም ሰምተህ ነበር። እጄን ይዘህ “እንክብሉን እንዳትተዪው” አልከኝ። እኔ የመጨረሻ ቃልህ መሆኑን አላወቅሁም፤ ቢያንስ እሺ ብዬሃለሁ።

መርሳ ስንመለስ እንደገና ለቅሶ ተቀመጥኩ። እድሩ ድንኳን ጣለልህ፤ ጎሚስታ ቤትህ ቆመው የሚያውቁ ሾፌሮች ከኮምቦልቻም ከወልድያም መጥተው አለቀሱልህ። እዝኑ ቀርቦ እኔ ትንሽ ቀምሼ ስተው እትዬ አበሩ አጠገባቸው ላሉት፣ “የዚህ ዓለም ነገር፤ ደህናዋ ቢላዋ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄደች፣ የታመመው ቢላዋ አጥቶ ሞተ” አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ እኔ ግን ሰማሁ።

ብዙ ጊዜ ያ ቃል ከውስጤ አልወጣም። ሙሉ በሙሉ ሐሰት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አንተ በእርግጥ አንድ ሐኪምና አንድ ቢላዋ አጥተህ ነው የሞትከው። እኔ ግን ደህና አልነበርኩም ጌታሁኔ። ደህና እንዳልነበርኩ የሚመሰክርልኝ ሰው ደግሞ አንተ ነበርክ፣ እሱንም ቀብሬ ነው የመጣሁት። ከዚያ ወዲያ ማኅበር መሄድ ተውኩ። ለቅሶ ደርሼ ምግብ ሳይቀርብ እወጣ ነበር።

አሁን ልነግርህ የፈለግሁት የዘንድሮውን ነው። ጥቅምት ላይ እትዬ አበሩ ጨርቅ ሳይዙ የስፌት ሱቄ መጡ። በርጩማ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን ያስተካክሉ ጀመር። ልጃቸው ሰናይት፣ ትምህርት ቤት የምታስተምረው፣ ስኳር እንዳለባት ታውቃለህ። በጦርነቱ ወራት መድኃኒት ተቋርጦባት በጣም ተጎድታለች፤ ክብደቷም እየጨመረ እግሯ አልሸከም ብሏታል። ለእኔ የተነገረኝን ሐኪሞቹ ለእሷም ነግረዋታል።

“አስካለ፣ ያን ቀን ለቅሶው ላይ ያልኩትን ሰምተሻል አሉ” አሉኝ።

“ሰምቻለሁ፣ እትዬ አበሩ።”

ከዚያ “ልጄን ሆዳም እያሏት ነው። እኔ እናቷ ነኝ፤ የምትበላውን የማቀርበው እኔ ነኝ። ሆዳም አይደለችም” አሉ።

እውነቱን ልንገርህ፣ አንድ ክፉ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እርስዎም እንዲህ ብለውኝ አልነበር ልላቸው ነበር። ግን ሴትየዋን ሳያቸው እናትህን መሰሉኝ። የሱቁን መጋረጃ ዘጋሁና ቀሚሴን ገለጥ አድርጌ ጠባሳዬን አሳየኋቸው። ከደረቴ እስከ እምብርቴ የተቀደድኩ መስሏቸው ነበር። እነዚያን ትናንሽ ምልክቶች በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና፣ “ይቺው ናት?” አሉኝ።

“ይቺው ናት። ከባዱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው” አልኳቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። የጸጉሩን፣ የማስመለሱን፣ እድሜ ልክ የሚዋጠውን እንክብል፣ የሰውን አፍ። ስኳሬ መውረዱንም፣ ተኝቼ ትንፋሼ መቆሙ መቅረቱንም ነገርኳቸው። ሂዱም ቅሩም አላልኩም፤ ውሳኔው የሰናይትና የሐኪሟ ነው። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ከሰናይት ጋር አዲስ አበባ እሄድ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እሳቸው ጉልበታቸው መንገድ አይችልም፣ ሌላ ዘመድ ደግሞ እሺ አላላቸውም። እናትህን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ሄድኩ።

ሰናይት አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጣ፣ ሰው እንዳያያት ሻሿን እስከ ግንባሯ ስባ ነበር የምትሄደው። ሆስፒታሉ ውስጥ ተራ ስንጠብቅ፣ “እርስዎን ያን ጊዜ ማን ነበር ያመጣዎት?” ብላ ጠየቀችኝ።

ስላንተ አወራኋት። ኮሪደሩ ላይ ጫማህን ተንተርሰህ እንዳደርክ፣ ነርሷ ልታስወጣህ ስትመጣ “ጎማ ብትሆን እኔው እጠግናት ነበር፤ ይህን ስለማልችል ነው የተቀመጥኩት” ብለሃት ትታህ እንደሄደች። ሰናይት ከመርሳ ከወጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኔም ስምህን ጠርቼ ሳላለቅስ ስጨርስ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሕክምናው በሰላም አለቀ። አሁን ቤቷ ናት፤ ሾርባዋን በትንሽ በትንሹ ትጠጣለች፣ አንዳንዴ ያስመልሳታል፣ አንዳንዴም ምን ነክቶኝ ነው ይህን ያደረግሁት ትላለች። ከተማው ማውራት ጀምሯል። ባለፈው እሑድ እድር ላይ አንዷ ስለ እሷ ስታነሳ እትዬ አበሩ፣ “ልጄ ታማ ታከመች፤ አስካለም ታማ ነበር የታከመችው” አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ወሬው ወደ ሽንኩርት ዋጋ ዞረ።

ጌታሁኔ፣ ለአንተ የመጣ ሐኪም አልነበረም፤ ይህን ማንም አያስረሳኝም። ቃሬዛህንም፣ ያን ልጅ ባለሙያም፣ እጅህ እጄ ውስጥ የቀዘቀዘበትንም አልረሳም። ግን አንተን ሳስብ ከዚያ ብቻ አልጀምርም። አንድ ሰው እንዲህ ባለ ሕመም ተሸማቆ ሱቄ በመጣ ቁጥር ታሪክህን ከኮሪደሩ ነው የምጀምረው።

ሰናይት ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ልትገባ ስትል፣ “ስወጣ እንዲያ ደጅ ላይ የሚጠብቀኝ ሰው ከየት ይገኛል?” አለችኝ። ጫማዬን አውልቄ፣ እንዳንተ ልንተራሰው፣ የኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ወጣሁና “ግቢ፣ እኔ እዚህ ነኝ” አልኳት።

ሚስትህ፣
አስካለ