ስልኩ ያነበበልኝ ፊት

ይድረስ ለልጄ ለምሕረት። በሰው አገር የሚጠብቅሽ መልአክ አይለይሽ። ዘንድሮ ዝናቡ አላሳፈረንም፣ ገብሱም ገብቷል። እኔም ከጠፋው ዓይኔ በቀር ደህና ነኝ።

ወንድምሽ ወንዳወቅ ስልኬን የሚናገር አደረገልኝ። ስልኩ ራሱ የላክሽውን ያነብልኛል፣ እኔ የምለውንም ይጽፋል፤ ይህንንም የጻፈው እሱ ነው። ዓይኗ ደህና የሆነው ጎረቤታችን ሰልማ እንኳ ለራሷ አስደረገች፤ ሱቅ ውስጥ እጇ ከዱቄት አይወጣማ።

ሁለት ዓመት ሙሉ መልእክትሽን ያነበበችልኝ እሷ ናት፣ እግዜር ይስጣት። ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ይላል። ትናንት ስልኩ ያንኑ አነበበና «የሚያለቅስ ፊት» ብሎ ጨመረ። ደነገጥሁ። ሰልማን ብጠይቃት፣ «እማማ፣ ትንሽ ሥዕል ናት፤ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ አለች። እንዳይከፋዎ ብዬ ነው የዘለልኋት» አለችኝ።

አልተቆጣኋትም። እንዲያውም ቀለለኝ፤ ለካ ልቤ በከንቱ አልነበረም የሚሸበረው። ሰው እያነበበልኝስ እንዴት ብለሽ ትነግሪኝ ነበር? ይህ ስልክ ግን እንደ ሰልማ አያዝንልኝም፣ ያየውን ሁሉ ይናገራል።

ልጄ፣ አሁን በመሐላችን ማንም የለም። ሥዕሏን ተያትና ያስለቀሰሽን በቃል ንገሪኝ። እስከዚያው እንባሽን የሚያብስ አምላክ ካጠገብሽ አይራቅ።

እናትሽ ጥሩሐረግ፣ ከሰቆጣ