ስምንት ገባ፣ ስምንት ወጣ

እኔ፣ ሠፈሩ «ሬንጁ» ብሎ የሚጠራኝ፣ አርባ አንድ ዓመት የመኪና ሆድ ከዝገት በመከላከል ሥራ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከሥራ ቤቴ በላይ ባለችው ክፍል አልጋዬ ላይ ተደግፌ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። እግሮቼና ሳንባዬ ከዱኝ እንጂ አእምሮዬ አልከዳኝም። ጸሐፊው ለማረጋገጥ ዕለቱን፣ የልጆቼን ቁጥርና የገዛ ስሜን ጠይቆኝ ሦስቱንም መልሻለሁ፤ አራተኛ ሊጨምር ሲል ተቆጥቼዋለሁ።

ቃሌን የሚጽፈው ጡረታ የወጣው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ጎረቤቴ ነው። እኔ ያልኩትን ብቻ ሳይሆን በዚህ ክፍል የሚባለውን ሁሉ ሳይቀንስና ሳያሳምር እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ። ምስክሮቼ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከእኔ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ሠላሳ ዓመት የሠራው በያጅ ነው። ሁለተኛው የሟች ባለቤቴ ወንድም፣ የቀድሞው የሚኒባስ ሾፌር፣ ባለ ከዘራው ነው።

በያጁ «መስኮቱ ይከፈት፣ ታፈንን» ብሏል። አይከፈትም። ዝናብ እንዳያስገባ ብዬ ዙሪያውን በሬንጅ የደፈንኩት ራሴ ነኝ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ አየር ስምግ ከርሜአለሁ፤ እናንተ አንድ ሰዓት ቻሉት።

አንደኛ። ለትልቁ ልጄ፣ ለጎማ ሻጩ፣ የፊት ለፊቱን ሱቅ ሰጥቼዋለሁ። ከሱቁ ጋር ቱታዬን ጨምሬለታለሁ። «ልብሴ ይቆሽሻል» እያለ አንድ ቀን እንኳ የመኪና ሆድ የምንቀባበት ጉድጓድ ውስጥ ሳይወርድ ስላደገ፣ ቢያንስ ከሞትኩ በኋላ የአባቱን ቱታ አንድ ጊዜ ይልበሰው። ጸሐፊው «ይህ በሕግ አያስገድደውም» ብሏል። ጻፍ አልኩህ እኮ ሰውዬ!

ሁለተኛ። ዕዳዬን በተመለከተ፣ የበያጁን ክሪክ፣ የመኪና ማንሻውን፣ ከስድስት ዓመት በፊት ለግማሽ ቀን ተውሼ አልመለስኩም። የዚህን አልጋ ስብራት ደግፎ የያዘው እሱ ነው፤ ስሞት ይውሰደው። በያጁ፦ «ኧረ ጉድ! ለዚህ ክሪክ ስንቱን ሰው ጠርጥሬአለሁ!» ብሏል። ይቅር ይበለኝ። ባለ ከዘራው ክሪክ ሲባል ሰምቶ የታመመ እግሩን ሰብስቧል። አይቼዋለሁ።

ሦስተኛ። ጉድጓዱን የሚረከብ ማንም ይሁን ማን ይህን ይያዝ። የመኪና ሆድ ታጥቦ ሁለት ቀን ይደርቃል፤ ባለቤቱ ቢቸኩል ይቸኩል። የላላው ዝገት በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ይፋቃል። እርጥብ ዝገት ላይ ሬንጅ የሚያለብስ ሰው የሚንከባከበው መኪናውን ሳይሆን ዝገቱን ነው። ከሁሉም በላይ፣ ከመኪናው በሮች ሥር በግራና በቀኝ ውስጡ ክፍት የሆነ ረጅም ብረት አለ። በየጎኑ አራት አራት ቀዳዳ አለው፤ ከላይ የገባ ውሃ የሚወጣው በእነዚያ ነው። ሬንጅ ሲረጭ እንዳይደፈኑ ስምንት የቡሽ ውታፍ እንከትባቸዋለን። ሲያልቅ ስምንቱን ነቅለን፣ ቆጥረን፣ ወደሚቀመጡበት የወተት ቆርቆሮ እንመልሳለን። አንድ እንኳ ከቀረ ውሃው መውጫ አጥቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ያማረ ነው። የቤቱ ሕግ ስምንት ገባ፣ ስምንት ወጣ ነው።

አራተኛ። ለሴት ልጄ። አሁን ከወለሉ ሥር የሬንጅ መርጫውን ኮምፕሬሰር የምታስጮኸው እሷ ናት። ባለፈው ዓመት ባስጻፍኩት ኑዛዜ ሥራ ቤቱን ከነጉድጓዱ ለእሷ ሰጥቼ፣ «በሕይወት እስካለች እንዳትሸጠው፣ እንዳትዘጋው» የሚል ቃል አስገብቼ ነበር። ያንን ቃል ዛሬ ሽሬዋለሁ። ትሽጠው፣ ትዝጋው፣ ጉድጓዱን በድንጋይ ትሙላው፣ እንደፈቀደች። የሰበሰብኳችሁ ምክንያቱን ልናገር እንጂ ለሱቅና ለቱታ አይደለም።

ከሃያ አንድ ዓመት በፊት የባለ ከዘራውን ሚኒባስ ሆድ ቀባን። ልጄ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ውታፍ መክተትና መንቀል የእሷ ሥራ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛው ልትመረቅ አንድ ዓመት ሲቀራት፣ ባለ ከዘራው ጎማ ሊቀይር ክሪክ ከበሩ ሥር አስገብቶ ሚኒባሱን አነሳ። ብረቱ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ፤ ሚኒባሱ እግሩ ላይ ወረደ። በያጁ የበሰበሰውን ሲቆርጥ በግራ በኩል አራት ውታፍ እንደተወተፈ ተገኘ።

ልጄ ከማሠልጠኛው በርራ መጣች። «አባዬ፣ እኔ እኮ ሁሉንም ነቅያለሁ። ቆጥሬአለሁ፤ ስምንት ነበሩ» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። እኔም «ተሳስተሻል» አልኳት።

አልተሳሳተችም። ስምንቱን ነቅላ፣ ቡሾቹን ልታጸዳ ወደ ቤት ወስዳቸው ነበር። በማግስቱ ጠዋት የግራ ጎኑ ሬንጅ ስስ መሰለኝ። ለዘመድ ነው፣ ልደርብለት አልኩ። ቡሹ በቦታው ስላልነበረ ከአሮጌ ጫማዬ ተረከዝ አራት ጎማ ቆርጬ ወተፍኩ፣ ረጨሁ። ባለ ከዘራው «ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ሲያጣድፈኝ ሳልነቅል ሰጠሁት። በያጁ አራቱን ጎማ በእጄ ያስቀመጠልኝ ዕለት፣ የገዛ ጫማዬን ወዲያው ለይቼዋለሁ።

ልጄ ወደ ማሠልጠኛው አልተመለሰችም። «የአጎቴን እግር በልቼ የሰው ልጅ ላስተምር አልሄድም» አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የአጎቷን ልብስ ታጥባለች። ሊያገባት የፈለገውን ሰው «ቆይ» ስትለው ቆይቶ ቆይቶ ሄደ። አንዱንም ውታፍ ሦስት ጊዜ ነው የምትቆጥረው፤ ራሷን አታምንማ። ያን እምነት ያሳጣኋት እኔ ነኝ።

ለምን ዝም አልክ ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ስሜን ፈራሁ። ከዚያ አጠገቤ መኖሯን ለመድኩ። እግሬ ሲከዳኝ ደግሞ፣ ካወቀች ማን ያገላብጠኛል አልኩ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

በያጁ፦ «ጎማ ነበሩ! በእጄ ይዣቸው እንዴት አላሰብኩም! እሷ መቼ ጎማ ወትፋ ታውቃለች!» ብሎ ራሱን ይዟል።

ባለ ከዘራው፦ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሸሚዜን ስታጥብልኝ ይገባኛል ብዬ ተቀበልኳት። አንተ ሰው ነህ?» ብሏል።

አምስተኛ። አራቱ ጎማዎች ከትራሴ ሥር በጨርቅ ተቋጥረው ይገኛሉ፤ ለልጄ ይሰጡ። አራተኛው አንቀጽ የሚነበብላት እኔ ከተቀበርኩ በኋላ ይሁን።

ባለ ከዘራው፦ «ምን? ከተቀበርክ በኋላ? አፈር ውስጥ ሆነህ ልታመልጣት? አሁኑኑ ካልሰማች እኔ አልፈርምም!»

ጸሐፊው፦ «ሁለተኛው ምስክር ካልፈረመ ይህ ቃል አይጸናም። የባለፈው ዓመቱ ይጸናል።»

የባለፈው ዓመቱ ከጸና ልጄ እስክትሞት ጉድጓድ ውስጥ ናት። እኔም ከዚህ አልጋ የምሸሽበት እግር የለኝም። ከሥር ኮምፕሬሰሩ ቆመ። ውታፎቹን መንቀል ጀመረች። «አንድ…» ትላለች። «ሁለት…» ወለሉ ሳንቃ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። ጥሯት አልኩ። ባለ ከዘራው በከዘራው ወለሉን ደበደበ። ቆጠራው አምስት ላይ ቆመ።

መጣች። እጇ እስከ ክርኗ ጥቁር ነው። «ምን ሆንክ አባዬ? አመመህ?» አለች። ጸሐፊው አራተኛውን አንቀጽ አነበበላት። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«አባዬ» አለች ሲጨርስ። «ስምንት ነበሩ?»

«ስምንት ነበሩ።»

«አልሰማሁህም።»

«ስምንት ነበሩ፣ ልጄ። ልክ ነበርሽ።»

አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ጨርቁን ከትራሴ ሥር አውጥታ ፈታችው፣ አራቱን ጎማ መዳፏ ላይ አንድ ጊዜ ቆጠረቻቸው፤ አልደገመችም። «ከሥር ስቆጥር ይሰማህ ነበር?» አለችኝ። «በየቀኑ» አልኳት። ቱታዋን እዚያው በሩ ላይ አውልቃ ከአልጋዬ ራስጌ ሰቀለችው። «ከታች ሦስት ይቀራሉ። ባለቤቱ ሰባት ሰዓት ላይ ይመጣል» አለች ለአጎቷ። «ነገ ትመጫለሽ?» አልኩ። የደጁ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

ባለ ከዘራው ተነሣ። እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ወደዚያ ጉድጓድ ቀርቦ አያውቅም። ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወርድ ከዘራው ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ድምፁ ከወለሉ ሥር መጣ።

«ስድስት…»

ብዙ ቆየ።

«ሰባት… ስምንት! ስምንት ነው! ልድገመው እንዴ?»

የእኔ ድምፅ ታች አይደርስም። አንዴ ይበቃል በሉት።

ቃሌ እስከዚህ ነው። ተነቦልኝ ልክ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ተናዛዥ፦ የአውራ ጣት አሻራ

ጸሐፊ፦ ፊርማ

አንደኛ ምስክር፣ በያጁ፦ ፊርማ

ሁለተኛ ምስክር፣ ባለ ከዘራው፦ ፊርማ። ከጉድጓዱ ሲመለስ የፈረመ ነው፤ በወረቀቱ ጠርዝ የሚታየው የሬንጅ አሻራ የእሱ ነው።