ሁለት የአዋቂ እርምጃ

ሆሳዕና፣ ሰኔ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ሰንብተሻል እማዬ? ከሁሉ በፊት ደረትሽን ንገሪኝ። ክረምት ሲገባ የሚነሳብሽ የትንፋሽ ማጠር ዘንድሮስ ማረሽ? የምትስቢውን መድኃኒት በሞቴ እንዳታቋርጪ። ላሟስ ወለደች? የጓሮው እንሰትስ ዝናብ አገኘ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በሰው በኩል ደህና ነኝ ብዬ የላክሁብሽ ውሸት ነበር፣ የአሁኑ ግን እውነት ነው።

ምነው ደብዳቤ፣ ስልክ የለም ወይ ትዪ ይሆናል። ስልኩንማ ማን እንደሚያነሳውና ድምፄን ሲሰማ ማን እንደሚዘጋው ታውቂያለሽ። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም። በቤታችሁ መነጽር ያለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት አስተምሮ ጡረታ የወጣ፣ ሲያነብ መስመር የዘለለን ተማሪ የሰው ቃል ሌባ እያለ ጆሮ ሲቆነጥጥ የኖረ ሰው። ስለዚህ አይዘልም። እያንዳንዷን ቃል ወደ ሀዲይሳ እየመለሰ በገዛ አፉ ይነግርሻል፣ እሱን የማማበትንም ጭምር። እንግዲህ ይቻለው!

እማዬ፣ ግራ ገብቶኛል። ይኼ ኮሮና የሚሉት በሽታ ከመጣ ወዲህ ግራ ሳይገባኝ የዋልኩበት ቀን የለም። መጀመሪያ መጠጥ ቤት ይዘጋ፣ ምግብ ቤት ይቀጥል ተባለ። የእኔ ቤት ቀን ምግብ ቤት፣ ማታ ግሮሰሪ ነው። የቱ ነው የሚዘጋው ብዬ ብጠይቅ አንዱ ሙሉውን አለኝ፣ ሌላው ግማሹን። ግማሽ በር እንዴት ነው የሚዘጋው? ኋላ ቢራው ይቅር፣ ምግቡ ይሁን ተባለና የቢራውን ፍሪጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ወዲያው ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት መጣ። በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ አይቀመጥ፣ ሁሉም በየሰሃኑ ይብላ፣ መጎራረስ ክልክል ነው፣ በሰውና በሰው መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይሁን ይላል።

የማን አዋቂ? አክሊሉ የሚባል ድንክ የሚያህል ተቆጣጣሪ መጣና በራሱ እግር እየረገጠ ለካልኝ፣ ጎበዝ ብሎኝም ሄደ። በሳምንቱ አንድ ሎጋ መጣ። እሱ ደግሞ በራሱ እግር ሲለካ ሁለቱ ጠረጴዛዎቼ ደጅ ወጡ። አክሊሉ ለክቶታል እኮ ብዬ ብነግረው፣ እሱ እርምጃ አያውቅም አለኝ። ምን አለፋሽ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።

ያም ሆኖ ያንን ትእዛዝ በልቤ መርቄው ነበር። በዚያ ቤት ቢራ እስካለ እግሬ አይረግጠውም ብሎ ሦስት ዓመት የቀረብኝን አባዬን ያመጣልኝ እሱ ነውና። እኔም ያኔ እንግዲያው አትምጣ ብዬው ነበር፣ ምላሴን ይቁረጠው! ቢራው መውጣቱን ሰምቶ በግንቦት የመጨረሻው ቅዳሜ ከፎንቆ ተነስቶ መጣ። የአጥቢያችሁን ሽማግሌ አቶ ብዙነህን አስከትሎ፣ አንቺ ያነጠርሽውን ቅቤ በጣሳ ይዞ። ሊታረቀኝ እንደመጣ ገና ከሩቅ አካሄዱ ይናገር ነበር።

ግን የዚያን ቀን ጠዋት፣ እነሱ ሳይመጡ፣ አንድ ነገር ሆነ። ሽንኩርት እያቁላላሁ ሳለ ሙሉ፣ ወጥ የምትሠራልኝ፣ ከጓሮ እየሮጠች ገባችና ኧረ እያረረ ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሸተተው እኮ ብላ ጮኸችብኝ። እኔ ድስቱ ላይ ተደፍቼ ነበር እማዬ። ዝቅ ብዬ ሳይ ከሰል ሆኗል። ሐሳብ ይዞኝ ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ ድስት አልነካሁም። ጭምብሌን አጥብቄ በር ላይ ቆምኩ።

አባዬ ሲደርስ እጄን ዘርግቼ ከሩቅ መዳፉ ላይ አልኮል አፈሰስኩበት። ምንድን ነው ይሄ አለኝ። አልኮል ነው ስለው እጁን ሰበሰበና ሦስት ዓመት አልኮል ከቤትሽ ይውጣ ብዬ ጸልዬ፣ መቀበያሽ አልኮል ሆነ ወይ አለኝ። ከዚያ ሳቀ። አቶ ብዙነህም ሳቁ። የአባዬን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

ሙሉ ክትፎውን በየሰሃኑ አቀረበች። አባዬ ሦስተኛዋን ወንበር ሳበና ተቀመጪ አለኝ። ወረቀቱን በጣቱ እያሳየ ሦስት ሰው ይፈቀዳል፣ አንብቤዋለሁ አለ። ቆሜ ቀረሁ። እሱም ክትፎውን በቆጮ ጠቅልሎ ተነሳ። ተነሳ እልሻለሁ፣ ያ ኩሩ ሰውዬ፣ በሽማግሌ ፊት ልጁን ሊያጎርስ! በሕይወቴ እንደዚያ የጓጓሁለት ጉርሻ የለም። ወደ ኋላ ሸሸሁ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ጀርባዬ ከፍሪጁ ጋር ተላተመ። ደንቡ ነው አባዬ አልኩት። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ድሮ ቢራ ለየን፣ አሁን ደግሞ ወረቀት ይለየን አለና ጉርሻውን ሰሃኑ ላይ መልሶ፣ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። አቶ ብዙነህ እኔን ማየት አፍረው መሬት መሬት እያዩ ተከተሉት።

እስከ ዛሬ ግራ የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው። ዋሸሁት ወይስ አልዋሸሁትም? ደንቡ እውነት ነው፣ ተለጥፏል። ግን ስንቱ ደንበኛዬ ሲጎራረስ አይቼ እንዳላየ አልፌያለሁ። ያን ሰዓት የታየኝ ወረቀቱ አልነበረም። የታየኝ አባዬ ቤቱ ገብቶ አጠገብሽ ሲተኛ፣ አንቺ ደግሞ ትራስ ደራርበሽ ቁጭ ብለሽ አየር ስትፈልጊ ነው።

እንደሄዱ ቅቤውን ከፍቼ አፍንጫዬን እስኪነካ ተደፋሁበት። ምንም የለውም። ውሃ ነው። ያን ያህል ኮሰረት የጨመርሽበት ቅቤ!

በማግስቱ ቤቱን ዘጋሁ። ሙሉንም ከእኔም ከሰውም ራቂ አልኳት፣ እሷን ምንም ሳይነካት ቀረ፣ ተመስገን። ለጠየቀኝ ሁሉ ቀለም ላስቀባ ነው አልኩና አሥራ አምስት ቀን ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ተኛሁ። ምግቤን እሷው በር ላይ አስቀምጣልኝ ትሄድ ነበር። በኋላ ቀለሙ የታለ እንዳልባል በሩን አረንጓዴ ቀባሁት፣ አያምርም። ለአንቺ ብነግርሽ በእግርሽም ቢሆን እንደምትመጪ አውቃለሁ። ለእሱ ብነግረው አይደብቅሽም። ተኮራርፈን እንቆይ አልኩ፣ ጎመን በጤና።

ዛሬ ጠዋት ጣሳውን እንደገና ከፈትኩት። ኮሰረቱ አፍንጫዬን ሲመታኝ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ የሚያነብልሽ ሰው ያስረዳሽ፣ የበሽታውን ምልክት በሬዲዮ ሲያዳምጥ ነው የሚውለው። እዚህ ቦታ ላይ ድምፁ ቢቋረጥ መስመር ዘለለ ብለሽ እንዳትቆጪው። ውሃ ስጪውና ጠብቂው።

ስለ ቢራው የምዋሸው ነገር የለኝም። ፍሪጁ አሁንም ፊቱን እንዳዞረ ነው። ሲፈቀድ ምን እንደማደርግ ገና አላውቅም። እስከዚያው ግን ደጅ፣ ነፋስ ባለበት፣ ሁለት ወንበር አውጥቻለሁ። በመካከላቸው ያለውን አክሊሉም ሎጋውም አልለኩትም፣ ቦታውን እሱ መጥቶ በራሱ እርምጃ ይለካዋል ብዬ ትቼዋለሁ። ይህን ደብዳቤ አቶ ብዙነህ ለገበያ ሲመጡ እሰጣቸዋለሁ፣ መልሱንም በእሳቸው ላኪልኝ።

ደረትሽን ጌታ ያስፋልሽ፣ ክረምቱን በሰላም ያሻግርሽ። ለዚያም ሰውዬ ዕድሜ ይጨምርልኝ፣ ዓይኑን ይጠብቅልኝ፣ ገና ብዙ የምጽፈው አለኝ።

ልጅሽ፣
የሚያነብልሽም ሰው ልጅ