ክር ሲጠማው

ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገርስ ተሻለህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ቤቱ በጠቅላላ ሰላም ነው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እማማ ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ አልደከመም፤ ደብዳቤ ታሳንሳለህ ብላ ተቆጥታሃለች።

ወሬው የፋብሪካው ነው። ልጆች ሳለን ለአባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ምሳ ይዘን ስንሄድ የሽመና ክፍሉ በር ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንቆም እንደነበር ትዝ ይልሃል? በበጋ አየሩ ሲደርቅ ክሩ ቶሎ ቶሎ ይበጠስ ነበር። አባባ ተቆጣጣሪው ካቦ ዞር ሲልለት ወለሉ ላይ ውሃ ያርከፈክፋል፤ ያን ቀን የእሱ ማሽኖች አይቆሙም። አንድ ጊዜ ተይዞ፣ ውሃ አባካኝ ተብሎ ሦስት ቀን ታገደ። ቤት ገብቶ እግሩን እየታጠበ፣ "ክር ሲጠማው አውቃለሁ፤ ግን ማን ይጠይቀኛል?" ያለው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

አንተ ከሄድክ፣ እኔም እዚያው ከተቀጠርኩ በኋላ ያው ነበር። የቢሮ ሰዎች በፊት በር፣ እኛ በጓሮ። ምርት ሲወርድ ሰነፎች እንባላለን። በየበጋው ሸማኔ ይቀነሳል። ዘንድሮ ጭራሽ ሊዘጋ ነው ሲባል ሠራተኛው፣ "ብቻችሁን አስባችሁ እዚህ አደረሳችሁን፤ ከእንግዲህ በስብሰባችሁ የኛም ሰው አብሯችሁ ይቀመጥ" ብሎ ያዘ። ሥራ አስኪያጁም ቢጨንቀው እሺ አለ።

በጫማ ካርቶን፣ ስማችንን ሳንጽፍ መረጥን። ካቦው የራሱን ሰው እንድንመርጥ እየዞረ ሲያስፈራራ ሰነበተ። ቢሆንም ያሸነፉት ጠራጊዋ እትዬ ቀስታ ናቸው፤ ኮቴያቸው ስለማይሰማ ነው ይህን ስም ያወጣንላቸው። ካንተ አልደብቅም፣ እኔ ፈርቼ የካቦውን ሰው መርጫለሁ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ደመወዝ ይጮኻሉ ሲባል፣ እሳቸው "አስቀድማችሁ ለክሩ ውሃ ስጡት" አሉ። ለካስ ያኔ ካቦው እንዳያይበት የአባባን ውሃ ከመተላለፊያው የሚያደርቁለት እሳቸው ነበሩ። ቧንቧ ተዘረጋ። በሁለት ወር ምርቱ ጨመረ፤ የተቀነሱት ሸማኔዎችም ተጠሩ። የፊት በሩ ግን ገና አልተከፈተልንም፣ ክርክር ላይ ነን። አገርም እንደዚሁ ይመስለኛል፤ የሚያውቀው በጓሮ እየገባ፣ የማያውቀው ከፊት ሆኖ እያዘዘ በምን ያድጋል?

ባለፈው ሳምንት እትዬ ቀስታን ለብቻቸው አግኝቼ፣ "እኔ እኮ አልመረጥኩዎትም" አልኳቸው። "ፊትሽ ነግሮኛል" ብለው ሳቁ። "እኔ ደክሜያለሁ። ለከርሞ አንቺው ተወዳደሪ" አሉኝ። ያን ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ትናንት ሄጄ ስሜን አስመዘገብኩ። ካቦው መዝገቡን አይቶ አፈጠጠብኝ፤ እኔም አንገቴን አልደፋሁም።

ባለቤትህን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ትልቁን ልጅ በርታ በለው፤ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ፣ አክስትሽ ናት በላት። እማማ ምርቃቷን ልካለች።

ታናሽ እህትህ

ከድሮው ቤታችን፣ ከፋብሪካው ጀርባ
ሰኔ 4 ቀን