ስፖንጇ እስክትገኝ

ለተከበሩ የፊልም ትምህርት ቤታችን የዕቃ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ትናንት ኮሪደሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋን ሲቆጡ ድምፅዎ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ጥርት ብሎ ስለተሰማ፣ ቢያንስ ጉሮሮዎ ደህና መሆኑን አረጋግጬ ደስ ብሎኛል። እኔ ባለፈው ወር አሥራ አንድ ጊዜ መስኮትዎ ሥር የቆምኩት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። መልኬን ባያስታውሱት እንኳ ማመልከቻዬን ሳያስታውሱት አይቀርም፤ የሻይ ብርጭቆዎን የሚያስቀምጡበት ወረቀት እሱ ነው።

ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ ጉዳዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ካሜራውን በአንድ ቀን ስለሰጡን ከልብ አመሰግናለሁ። የካሜራው የራሱ ድምፅ መቅጃ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የጥገና መጠየቂያው ግድግዳዎ ላይ እንደተለጠፈ ቀለሙ ለቋል። ስለዚህ ማይክሮፎን ለብቻው መጠየቅ ግድ ሆነብን፤ ከውጭ እንዳናመጣ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ዕቃ ያልተሠራ የመመረቂያ ፊልም አይታይም።

2ኛ. ማይክሮፎኑ ደህና ነበር። በመጣሁ ቁጥር በመስኮቱ አሻግሬ አየው ነበር። ነገር ግን ሳጥኑ ውስጥ መኖር ያለባት የስፖንጅ ሽፋን ስለጠፋች ሳጥኑ «ያልተሟላ» ተብሎ እንደተመዘገበ፣ ያልተሟላ ዕቃ ደግሞ ኮሚቴ ሳይወስን እንደማይወጣ በትዕግሥት አስረዱኝ። እናቴ ይህን ሰምታ ከፍራሿ ላይ ቆርጣ ስፖንጅ ሰጥታኝ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ጥቁር ስለሚል ቢጫውን አልቀበልም በማለትዎ ለመንግሥት ንብረት ያለዎትን ጥንቃቄ ተረድቻለሁ።

3ኛ. ለምን እንደቸኮልን በማመልከቻው ላይ ጽፌው ነበር፤ ብርጭቆው ሸፍኖት ሊሆን ስለሚችል እደግመዋለሁ። ፊልሙ ስለ አባቴ ነው። አባቴ ሠላሳ ዓመት በአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የመነሻ ሰዓት ሲያስታውቅ የኖረ ሰው ነው። ፊቱን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ድምፁን ግን ሻንጣ ያነሳ ሁሉ ያውቀዋል። ጉሮሮው ላይ ዕጢ ተገኝቶበት ሐኪሙ ማንቁርቱ መውጣት አለበት፣ ድምፁም አብሮ ይሄዳል ብሎ ቀን ቆረጠልን። መናኸሪያውንም ጠይቄያለሁ፤ ሁልጊዜ በቀጥታ ስለሚናገር አንድም የተቀዳ ነገር የለም። በእጃችን የቀሩን አሥራ ዘጠኝ ቀናት ብቻ ነበሩ።

4ኛ. ኮሚቴው የመጀመሪያው ሐሙስ አባል ስለጎደለው አልተሰበሰበም። ሁለተኛው ሐሙስ አባላቱ ተሟልተው የስብሰባው ክፍል ቁልፍ ጠፋ። ቁልፉን ለማፈላለግ ሌላ ኮሚቴ ባለመቋቋሙ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

5ኛ. ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኛ ስለሆነ እርስዎ ሊያርፉ ይችላሉ። ሦስት ነን፤ እኔ አዘጋጇ፣ ካሜራ የሚይዘው «ቀና በል» የምንለው ጓደኛችን፣ እና ድምፅ የምትቀዳው «ጆሮ»። ምስሉ ከተገኘ ድምፁ በኋላ ይገባል ተብለን ስለተማርን፣ ምስሉን አስቀድመን እንቅረጽ፣ ማይክሮፎኑ ሲፈቀድ አባቴን ቁጭ አድርገን ያንኑ እናስደግመዋለን ብለን ተስማማን። አባቴ ቅር እንዳይለው ጆሮ የማይክሮፎን መያዣ ዘንግ ጫፉ ላይ ሻርፕ ጠቅልላ አራት ቀን ሙሉ ከራሱ በላይ ይዛ ቆመች። ሻርፑ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ይባስ ብሎ ደግሞ ሥርዓት እናውቃለን። ቀረጻ ሲጀመር ስልክ ይጠፋል ተብለን ስለተማርን፣ የማንቀዳው ድምፅ እንዳይረበሽ ብለን ስልኮቻችንን አጥፍተን በአንድ ቦርሳ ሰበሰብን። እኔም ጸጥታ እያልኩ ጎረቤቱን ሁሉ አስቸገርኩ። በአራተኛው ቀን አባቴ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ተናገረ፤ እኔ የተወለድኩ ዕለት የሁሉንም አውቶቡስ ሰዓት አምታቶ እንዳስታወቀ፣ ተሳፋሪውም ምክንያቱን ሲሰማ ቁጣውን እንደተወ። ቦርሳውን ስንከፍት ሆስፒታሉ ዘጠኝ ጊዜ ደውሏል። አልጋ ስለተገኘ ቀኑ ወደ ነገ ጠዋት ተስቧል፤ በሽተኛው አሁኑኑ ይግባ ተባልን። ታክሲ ውስጥ ስልኬ እጄ ላይ ነበር፤ ስለ ካርድና ስለ ፒጃማ ስናወራ ደረስን። መቅዳት ትዝ ያለኝ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ከተዘጋበት በኋላ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ መንገሬ ምን ያህል ሰው እንዳጣሁ ያሳይዎታል።

6ኛ. ማይክሮፎኑ እንዲወጣ የተፈቀደበት ደብዳቤ ቀዶ ሕክምናው በተደረገ ማግስት ደርሶኛል። ስለ ማኅተሙ ጥራት አመሰግናለሁ።

አሁን የገምጋሚዎች ኮሚቴ ፊልማችንን «ድምፅ ይጎድለዋል፤ የሌላ ሰው ድምፅም ቢሆን አስገብታችሁ አሟልታችሁ መልሱ» ብሎ መልሶታል። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። እርስዎ በዚያ ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ ስላለዎት፣ ፊልሙ እንዳለ፣ አባቴ አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ እንዲታይ ይፍቀዱልን። በአባቴ አፍ ሌላ ሰው አላናግርም። እንደ ሳጥኑ ያልተሟላ ነው ተብሎ መደርደሪያ ላይ ከቀረ ግን እኔ ሌላ ፊልም የምሠራበት አቅም የለኝም፤ ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም።

ከመስኮትዎ ሥር የማልጠፋ፣ ፎርም መሙላትን ከፊልም ሥራ በላይ ያስተማሩኝ፣ ውለታዎን እስክመረቅ፣ ከተመረቅኩ፣ የማልረሳ፣
ታዛዥ ተማሪዎ

ይድረስ ከተባለ በኋላ የታወሰ፦ አባቴ አሁን የሚያወራው በደብተር ላይ እየጻፈ ነው። ይህን ደብዳቤ አንብቦ ሁለት ነገር ጻፈልኝ። አንደኛው፣ ሠላሳ ዓመት ማይክሮፎን ፊት የኖረ ሰው ባዶ ሻርፕ እንደማይጠፋው፤ ዝም ያለው ልጆቹ እንዳናፍር ብሎ ነው። ሁለተኛው ለእርስዎ ነው። አውቶቡስ በዘገየ ቁጥር፣ ሹፌሩ እሱ ባይሆንም፣ ስለ መዘግየቱ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነበር። ስለ ክፍልዎም መዘግየት እንደ ልማዱ ይቅርታ ሊጠይቅልዎ ወዶ ነበር፤ በምን ድምፁ።