ታላቅ ይቅደም

ውድ እማዬ፣

ወሬኛዋ ልጅሽ ነኝ። «ራይያ ተኝታም ታወራለች» ትዪኝ አልነበር? አሁንም አወራለሁ። ሰው ሁሉ «የሲልቪ ልጅ እንደ እናቷ ሳቂታ ናት» ይለኛል፤ እኔም እስቃለሁ። ብቻ ካረፍሽ ወዲህ ሳቄ ከአንገት በላይ ነው። በቀብርሽ ቀን እንኳ አላለቀስኩም። የሳልሞን ዓሣ ሾርባውን ሁለት ሳህን ጠጥቼ ጣዕሙን አላወቅሁትም። ከፋኝ ማለቴ አይደለም፤ ምንም አላለኝም።

የተነሳሁት ግን ስለ ውሃ ዋናው ላወራሽ ነው። ክረምት ሐይቁ በረዶ ሲሆን ቆርጠን የምንከፍታትን ቀዳዳ ማለቴ ነው፤ ምንም እንኳ እኔ ገብቼባት ባላውቅ። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ መሰላሉን ቀድሞ የሚወርደውና ሌሊት የጋገረውን ስስ በረዶ በእግሩ የሚሰብረው የሁሉ ታላቅ ነው። አንቺ ስትሄጂ ተራው የጋሽ ኡርሆ ሆነ። እሳቸው ደግሞ እምቢ አሉ። የእንፋሎት ቤቱ፣ ሳውናው፣ ይሞቃል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ እሳቸው ፎጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ይቀመጣሉ። የእኛን ሰው ታውቂው የለ፤ ታላቁን ከሚቀድም ሐይቁ ድንጋይ ሆኖ ቢቀር ይመርጣል። ሁሉም ላቡን ጠርጎ፣ ውሃ ሳይነካው፣ ወደ ቤቱ። ክረምቱ ሲጋመስ የዋና ጓደኛሽ ሂልካ፣ ዋናው ቢቀርባት፣ ደረጃ ስትወጣ ማቃሰት ጀመረች፤ ጋሽ ኡርሆም ከዘራ ያዙ። በመጨረሻ «ማንም ካልዋኘባት ምን ያደክመናል፣ ትዘጋ» ተባለ።

ባለፈው ቅዳሜ ያቺ ከኩኦፒዮ ከተማ የመጣችው ተመራማሪ ተመለሰች፤ በመኸር ደማችንን የወሰደችው። ያኔ ከማይዋኙትም ሰው ስትፈልግ «ልጄ አለችልሽ፣ ከሶፋ ወርዳ አታውቅም» ብለሽ እኔን ሰጠሻት። ሰውነት ከልደት ቀን ሌላ የራሱ እድሜ አለው ትላለች፤ ከደም ይገመታል፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ያረጃል። በሁላችንም ፊት ንገሪን አልናት። ጋሽ ኡርሆ በልደት ሰባ ሰባት፣ በደም ስልሳ አንድ። እኔ በልደት ሃምሳ ሦስት፣ በደም ስልሳ ስድስት፣ ከሁሉም በላይ። አንቺ፣ የሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ስልሳ አራት።

«አዝናለሁ» አለች ተመራማሪዋ።

በዚያ ወጣት ደምሽ ነው ከምሳ በኋላ ወንበርሽ ላይ አሸልበሽ ያልነቃሽው። እንደ አየር ጠባይ ዜና ሰማሁት።

ሂልካ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲህ ኡርሆ፣ ከዚህች ልጅ በአምስት ዓመት ታንሳለህ።»

ጋሽ ኡርሆ ቀና አሉ። «ታላቃችን ራይያ ናታ።»

«ኧረ ጋሼ፣ የዋና ልብስ እንኳ የለኝም።»

«የእናትሽ እዚያ ተሰቅሏል።»

«ይጠብበኛል።»

«ሐይቁ አይስቅብሽም። ስለ ሂልካ ግን ዋስ አልሆንም።»

«እኔማ እስቃለሁ» አለች ሂልካ።

«እምቢ ብልስ?»

ፎጣቸውን አጠፉት። «እምቢ ካልሽ እኔም ቤቴ ገብቼ እቀመጣለሁ። ያን መሰላል ባዶውን ማየት አቃተኝ፣ ልጄ። እኔ ሁልጊዜ የሲልቪን ጀርባ እያየሁ ነው የወረድኩት። ከፊቴ ጀርባ ካለ እከተላለሁ።»

ወረድኩ እማዬ። በአንቺ ልብስ። በረዶውን በተረከዜ ሰበርኩት። ቆዳዬ መጀመሪያ የእኔ ነበር፣ ከዚያ የማንም አልነበረም። «እንዴት ነው?» አለችኝ ሂልካ ከላይ። «ምንም» አልኳት፤ እውነቴን ነው። ያን ምንም ከቤቴ ይዤው ነው የመጣሁት። ከዚያ መሰላሉ ከኋላዬ ሲጥ ሲጥ አለ። ጋሽ ኡርሆ ናቸው፣ ከዘራቸውን በረዶው ላይ ጥለው፣ እየተነጫነጩ።

ሳውና ተመልሰን ስንቀመጥ የግራ እግሬ ትንሿ ጣት ጠዘጠዘችኝ። ካንቺ ወዲህ ከሰውነቴ የደረሰኝ የመጀመሪያው ወሬ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ እኔ ራይያ። ሕመሙ ቶሎ እንዳይሄድብኝ ጣቴን በእጄ ጨብጬ ቁጭ አልኩ።

ለቅሶው ገና አልመጣም። ሲመጣ እጽፍልሻለሁ። ቀዳዳዋ አልተዘጋችም፤ ልብስሽም መስቀያው ላይ እየደረቀ ነው፤ ቅዳሜ እቀድማለሁ።

በሁለት ዓመት የምበልጥሽ ልጅሽ፣
ራይያ