የሙዝ ቅጠል የለበሰው ጠረጴዛ

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ ለእትዬ አልማዜ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እማዬስ ምግብ መቅመስ ጀመረች ወይስ እንደዚያው ናት? ከሁሉ አስቀድሜ የእሷን ነገር በጠየቅሁሽ ነበር፤ ግን አንቺም አስታማሚዋ ደክሞሻልና ናፍቆቴ ደብረ ማርቆስ ድረስ ይድረስሽ። እኔን ወባው ለቆኛል፤ ሙቀቱን ግን ዛሬም አልለመድኩትም።

ወደ እናንተ የመዛወሬ ጉዳይ ለፋሲካ ያልቃል ብዬሽ ነበር። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት በማመልከቻዬ ላይ የሚወስኑት ኃላፊ ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኙ መጡ። ዳይሬክተራችን ጓድ ተክሌ ጠሩኝና፣ የባልትና መምህርት አንቺ ስለሆንሽ የእራቱን ጠረጴዛ አሰናጂ፣ እንግዳው ደስ ካላቸው ጉዳይሽን እዚያው አነሳለሁ አሉኝ። ለጌጡ ግን ሰባራ ሳንቲም አልተመደበም።

እኔም የትምህርት ቤቱን ጽዳት ሠራተኛ፣ እዚህ ካለው ሰው ሁሉ የምቀርባትን ኛኩዋትን ይዤ ወጣሁ። ምስጥ የበላቸውን አራት ጠረጴዛዎች ገጠምንና፣ በጨርቅ ፈንታ ከባሮ ወንዝ ዳር ያመጣነውን የሙዝ ቅጠል አጥበንና ወልውለን አለበስናቸው። ኛኩዋት ከቤቷ ትናንሽ ቅሎች አምጥታ ለሁለት ከፈለቻቸው፤ ውኃ ሞልተን በግቢያችን ካለው የድሬዳዋ ዛፍ የለቀምነውን ቀይ አበባ አንሳፈፍንባቸው። መሐሉ ላይ ማንጎ ከነቅጠሉ ደረደርን። ማንጎው ከእራት በኋላ ይበላል፣ የሙዝ ቅጠሉን ኛኩዋት ለፍየሎቿ ትወስዳለች፤ የሚጣል ነገር አልነበረውም። ስንጨርስ ቆመን አየነው። እትዬ፣ እውነቴን ነው፣ አምሮ ነበር። እዚህ በኖርኩባቸው ሦስት ዓመታት እንደዚያች ሰዓት ተስፋ አድርጌ አላውቅም።

ሰዓት እላፊ ስላለ እንግዶቹ ገና ሳይመሽ ተቀመጡ። ኃላፊው አበባውን በጣታቸው እየነኩ ከየት እንደተገዛ ጠየቁ። ምንም እንዳልተገዛ ሲነገራቸው በጣም ተደሰቱ። ጓድ ተክሌም ቃላቸውን አላጠፉም፤ እናቷ ታማባታለች፣ ይህ ሦስተኛ ማመልከቻዋ ነው ብለው ጀመሩ። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እንደሚሸልም ሰው ፈገግ ብለው፣ «በባዶ እጇ ይህን የምትሠራ መምህርት ከዚህ ከተነሳች፣ እዚህ ማን ሊቀር ነው?» አሉ። ሁሉም አጨበጨበልኝ። እኔም እጅ ነሣሁ።

በማግስቱ ማመልከቻዬ ለቦታው ታስፈልጋለች ተብሎ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ የተከለከለ ሰው ከእንግዲህ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ማመልከት አይችልም። ኛኩዋት ቅጠሉን ስታነሳ ነገርኳት። እሷም፣ «የእኔም እናት ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ ናስር ነው ያለችው። መንገዱ ጦርነት ሆነ፤ እኔም አላያትም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ የቀረውን ቅጠል አብረን ጠቀለልን።

እማዬ፣ «እሙዬ ለፋሲካ ትመጣለች» እያለች በር በሩን እንደምታይ ጽፈሽልኝ ነበር። እባክሽ፣ አትዋሺያት፤ አልፈቀዱላትም በያት። እኔም ሁለት ዓመት ትቆየኛለች ብዬ ራሴን አላታልልም።

ለባለቤትሽ ለጋሽ አሸብር የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ልጆችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ጎረቤቶቻችንም ስለ እማዬ የሚደክሙትን እግዜር ይስጥልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። መሳም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ታናሽሽ እሙዬ
ጋምቤላ፣ ሚያዝያ ፫ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.